ሦስቴ ወደቅኩ፣ አሁንም አዋላጅ መሆን እፈልጋለሁ። ሕልም ነው ወይስ እልህ?

ፎቶኮፒዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

12ኛን የተፈተንኩት በ2014 ነው፣ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በተሰጠበት ዓመት። አንሶላና ብርድ ልብስ ተሸክመን ሄድን፣ ስልክ የለ ምን የለ። ውጤት ሲመጣ ከመቶ 50 አልሞላሁም፣ ግን ሪሚዲያል (50 ላልሞላ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ደረሰኝ። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠራች። ሻንጣ ተገዛልኝ። አጎቴ ግንባሬን ስሞ ሸኘኝ። ከዚያ የሪሚዲያሉን ፈተና 46 አመጣሁና ያንኑ ሻንጣ እየጎተትኩ ተመለስኩ። መውደቅ አንድ ነገር ነው፣ ተመርቆ ተሸኝቶ መመለስ ግን ሌላ ነው። አውቶቡሱ መሽቶ እንዲገባ ስጸልይ ነበር፣ ሰው እንዳያየኝ። በ2016 በግል ተፈተንኩ። 44።

አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የሚያስቀው ነገር ቀኑን ሙሉ ኮፒ የማደርገው የ12ኛ ክፍል ወርክሺት ነው። ቶነር ሲያልቅ ገርጥቶ የሚወጣውን፣ ማሽኑ ነክሶ የሚያጨማድደውን አልጥለውም፣ ቤት ወስጄ ማታ ማታ እሠራዋለሁ። አልጋዬ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የተበላሸ ኮፒ አለ። ሲከፋኝ አወጣውና አየዋለሁ፣ ተስፋ አልቆረጥኩም ለማለት ያህል።

ለምን አዋላጅ? 7ኛ ክፍል ሆኜ አክስቴን ምጥ ሲይዛት አብሬያት ጤና ጣቢያ የሄድኩት እኔ ነበርኩ፣ ሌላ ሰው ቤት አልነበረም። ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቷል። እኔ የአዋላጇን ስልክ ይዤ አበራላታለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የሷ ግን አይንቀጠቀጥም። ሕፃኑ ወጣና ዝም አለ። እሷ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ጀርባውን ታሸዋለች፣ ምንም አትናገርም። ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ አለቀሰ። እሷም "እሰይ የኔ ጌታ፣ ተቆጣ ተቆጣ" አለችው። እኔ ያን ሌሊት ውሳኔዬን ጨርሻለሁ።

ተስፋ የሚያስቆርጠኝ ጠላት ቢሆን ጥሩ ነበር። የሚያስቆርጡኝ የሚወዱኝ ናቸው። እናቴ "እኔ አንቺን በጤና ካየሁ ይበቃኛል፣ ለምን ራስሽን ትገያለሽ" ትላለች። አጎቴ "ክፍልሽ አይደለም" ይለኛል። 12ኛ ክፍሉን ይሁን ዕጣ ክፍሌን እንጃ። ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሰንበት ትምህርት ቤት አብራኝ ያለች፣ በጣም የማከብራት እህት፣ "እግዚአብሔር በሩን ሦስት ጊዜ ዘግቶታል፣ አንቺ ግን ትገፊያለሽ፣ ይሄ እምነት ሳይሆን እልህ ነው" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጸለይ አቃተኝ። ምን ብዬ ልጸልይ? እንዴት ነው ሰው የሚለየው?

ሐቁን ነጋሪ

እህቴ፣ ላስከፋሽ አይደለም፣ ግን ሁሉም "በርቺ" ሊልሽ ስለሆነ እኔ ሌላውን ልበል። ዕድሜ ይሄዳል። እኔ ዲግሪ ይዤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ አጥቼ ኮብልስቶን አንጥፌያለሁ፣ ጉልበቴ ይመስክር። አንቺ ሙያ አለሽ፣ ኮምፒውተር ትችያለሽ፣ ነገ የራስሽን ፎቶ ኮፒ ቤት ትከፍቻለሽ። ሕልም ሕልም እየተባለ ስንቱ ወጣት ቁጭ ብሎ ቀረ። እግዚአብሔር ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የለም ያለሽ ማነው?

ፎቶኮፒዋ

ማንም አላለኝም። እሱም ውስጡ አለ፣ በተለይ ባለቤቱ የማይኖር ቀን። ግን ቁጭ አላልኩም እኮ ወንድሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ቆሜ ነው የምውለው።

ከሪያድ

የኔ ቆንጆ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ሻንጣው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። እኔም እንዳንቺ የተመለሰ ሻንጣ ነበረኝ፣ እሱን ይዤ ነው ወደዚህ የመጣሁት። 11 ዓመቴ ነው፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። መምህርት መሆን ነበር የምፈልገው፣ የትንንሽ ልጆች፣ ሀ ሁ የምታስቆጥር። አልሆነም። ወንድሜን አስተምሬ እሱ መምህር ሆነ፣ ሰዎች "ሕልምሽ በሱ ተፈጸመ" ይሉኛል፣ እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የሱ የሱ ነው፣ የኔ የኔ ነበር። ደስ ይለኛል፣ ግን አንድ አይደለም።

ይሄን የምጽፈው ላስፈራሽ አይደለም። "ካመንሽ ይሆናል" የሚሉሽን ተጠንቀቂ ለማለት ነው። እኔ በስልክ ትንቢት የሚናገር ሰው አግኝቶኝ "ዓመቱ ሳያልቅ ካናዳ ትገቢያለሽ፣ ራእይ አይቻለሁ" ብሎኝ የሁለት ወር ደሞዜን ልኬያለሁ። ዓመቱ አለቀ። ሌላም ዓመት አለቀ። እሱ ቁጥሩን ቀየረ።

ያን ጊዜ ከእግዚአብሔር ተጣላሁ። ግን ምን ሆነ መሰለሽ፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ ልብስ ማስጫው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ከአንሶላዎቹ መሀል እቆማለሁ፣ እዚያ ነው የምጸልየው፣ ማንም አያየኝም። የተጣላሁትም እዚያው ቆሜ ነው። እና አንድ ቀን ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላም አሁንም የማወራው ከሱ ጋር እንደሆነ ገባኝ። ሕልሜ አልሞላም፣ እሱ ግን አልሄደም። ስለዚህ መጸለይ አቃተኝ ካልሽ ተጣይው፣ ዝም ብቻ አትበይው።

የደሴው መምህር

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ስብከት አልችልም። አንድ ነገር ግን ላስተካክል።

በ2014 ከተፈተነው ተማሪ 50 እና በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 3.2። አንቺ በግል በተፈተንሽበት በ2016 ደግሞ 5.4። በ2014 ብቻ ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ እንኳ አላሳለፉም። እኔ የማውቃቸው ልጆች ነበሩ፣ ዓመቱን ሙሉ የፊዚክስ አስተማሪ ያልገባላቸው፣ ቤተ ሙከራውን ተቆልፎ እንጂ ተከፍቶ ያላዩ። እና አሁን ይሄን ሁሉ "ፈጣሪ በሩን ዘጋው" ማለት የኛን ጥፋት ወደ ላይ መላክ ነው። ፈጣሪ ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ላይ ነው እንዴ በር የዘጋው? ያቺ እህት ለመልካም ነው ያለችው፣ ግን የፈተና ውጤት ወሕይ (ከፈጣሪ የወረደ ቃል) አይደለም። ወረቀት ነው።

በኛ ሃይማኖት የታወቀ ነገር አለ። አንድ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) "ግመሌን አስሬ በአላህ ልመካ ወይስ ፈትቼ ልመካ?" ብሎ ሲጠይቃቸው "እሰራትና ተመካ" አሉት። አንቺ መመካቱን ይዘሻል። ግመሏን ግን ያሰርሽ አይመስለኝም። በየትምህርቱ ስንት ስንት እንዳመጣሽ ጻፊልኝ፣ የ2016ቱን።

ፎቶኮፒዋ

እሺ መምህር፣ አያፍሩብኝ እንጂ። እንግሊዝኛ 52፣ ባዮሎጂ 61፣ ኬሚስትሪ 48፣ አፕቲትዩድ 49፣ ፊዚክስ 28፣ ሂሳብ 26።

የደሴው መምህር

ባዮሎጂ 61 ያመጣች ልጅ ደደብ አይደለችም፣ ይሄ ይመዝገብ።

ድምሩ 264 ከ600 ነው። የጎደለሽ 36 ነጥብ ነው። ሂሳብና ፊዚክስ ላይ 18 18 ብትጨምሪ፣ ሌላውን ሳትነኪው፣ 300 ትሞያለሽ። ፊዚክሱም ቢሆን ግማሹ ሂሳብ ነው። ስለዚህ ግመልሽ ሂሳብ ናት፣ ተፈታ የምትዞረው እሷ ናት።

አሁን የሚያስከፋሽን ልናገር። ያንን ካርቶን ዝጊው። የ12ኛ ወርክሺት ሺህ ጊዜ ብትሠሪ፣ ክፍልፋይና እኩልታ ላይ የምትደናቀፊ ከሆነ፣ በአሸዋ ላይ ግድግዳ ነው የምታቆሚው። ሃያ ምናምን የሚያመጣ ተማሪ ችግሩ 12ኛ ላይ ሆኖ አይቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ 9ኛ ነው፣ አንዳንዴም 7ኛ። አንድ ነገር ሞክሪ፦ 3x − 7 = 2(x + 4)፣ ይሄን ሳትቆሚ ሥሪና ስንት ደቂቃ እንደፈጀብሽ ንገሪኝ።

ፎቶኮፒዋ

ስድስት ደቂቃ። ሁለቴ ሰርዤ። x = 15።

የደሴው መምህር

ልክ ነው። ግን ከአንድ ደቂቃ በታች መሆን ነበረበት። አየሽ? እልህም አይደለም፣ ዕጣ ክፍልም አይደለም። 9ኛ ክፍል ነው።

ሐቁን ነጋሪ

መምህር ይሄን ወደድኩት። እኔንም 9ኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ የሚለኝ ሰው ባገኝ።

ሩጫ ወዳድ

መሠረት ደፋርን አስታውሺ እህቴ። አቴንስ ላይ በ5,000 ወርቅ አገኘች፣ ቤጂንግ ላይ አጣችው፣ ብዙ ሰው አለቀላት ብሎ ነበር። ለንደን 2012 ላይ እንደገና ወርቅ። መስመሩን ካለፈች በኋላ ከመለያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ለካሜራው ስታሳይ፣ እኛ ቤት ሁሉም ሰው ቆሞ ነው ያለቀሰው። እምነት ማለት ያ ነው!

ሐቁን ነጋሪ

እኔም አልቅሻለሁ ወንድሜ። ግን ያን ቀን ሦስተኛ የወጣችው ጥሩነሽ ዲባባ ናት። እሷስ አልጸለየችም? ሁለተኛ የወጣችው ኬንያዊትስ? ሥዕሏን ይዘሽ ሩጪ ከማለት በፊት ይሄ ይመለስ።

ሩጫ ወዳድ

አንተ ሰውዬ በየቦታው ደስታ ማበላሸት ነው ሥራህ 😂 ግን ጥያቄው ጥያቄ ነው። እኔ የሚገባኝ ግን ሥዕሏን መለያዋ ውስጥ የከተተችው ከሩጫው በፊት መሆኑ ነው፣ አንደኛ ትውጣ ሦስተኛ ትውጣ ሳታውቅ።

ዲያቆን ነኝ ግን አንተ በሉኝ

ከላይ ያለችው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አስቆመችኝ፣ ስለዚህ ልጻፍ።

ያቺ የሰንበት ትምህርት ቤት እህት የተናገረችውን ሳነብ የሳሙኤል እናት ሐና ትዝ አለችኝ። ሁላችንም ታሪኳን "ለመነች፣ ወለደች" ብለን በሁለት ቃል ነው የምንጨርሰው። መሀሉን ተመልከቺው። ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ ታስለቅሳታለች፣ እሺ፣ እሷ ጣውንት ናት። ባሏ ሕልቃና ግን ይወዳታል፣ እና እየወደዳት ምን አላት? እኔ ከዐሥር ልጆች አልሻልልሽም ወይ? ይሄ የእናትሽ ቃል ነው በቀጥታ። "አንቺን ካየሁ ይበቃኛል።" ፍቅር ነው፣ ውሸት የለበትም፣ ግን የሐናን ጥያቄ አልመለሰም። ሐናም አልተጣላችውም። አልተወችውምም። ተነሥታ ወደ መቅደስ ሄደች።

መቅደስ ስትደርስ ደግሞ ካህኑ ዔሊ አያት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሰክራለች አለ! እንግዲህ አስቢው፣ በሕይወቷ ከልቧ የጸለየችውን ጸሎት የእግዚአብሔር ሰው የወይን ጠጅ ነው አለው። መንፈሳዊ ሰው ተሳሳተ። ሐና ግን "አይ ጌታዬ፣ ልቧ ያዘነባት ሴት ነኝ" ብላ በትሕትና አስረዳችው፣ እሱም መለስ ብሎ በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት። ምን እንደለመነች እንኳ አልጠየቃትም።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም ይላል። ገና አልፀነሰችም እኮ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ፍናናም ቤት አለች። በላች ግን።

አንቺ ከበላሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ቃል በቃል ነው የምጠይቅሽ። ሦስት ዓመት ራስሽን እየቀጣሽ ይመስለኛል። ደግሞ ሐና ስለወለደች አንቺም ታልፊያለሽ እያልኩ አይደለም፣ ያ የከሪያድ እህታችንን ሕይወት መስደብ ነው። ስለ እልህ ለጠየቅሽው እኔ የምለው ይሄ ነው፦ እልህ የያዘው ሰው መንገዱን ሊያሳዩት ሲሉ ይቆጣል። አንቺ መምህሩ ካርቶኑን ዝጊ ሲልሽ ተቆጣሽ? አልተቆጣሽም፣ ሰዓት ይዘሽ ሠራሽ። ከቻልሽ ያቺን እህት አግኝያትና ልክ እንደ ሐና ንገሪያት። ለንስሐ አባትሽም ንገሪ። ቂም ይዘሽ ግን አትጸልዪ፣ ጉሮሮ ይዘጋል።

ከሪያድ

ዲያቆን እግዚአብሔር ይስጥህ። "በላች" የምትለዋን ልብ ብያት አላውቅም ነበር። 11 ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ።

የሌሊት ተረኛ

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ከአዳር እየወጣሁ ነው። አዋላጅ ነኝ፣ 6 ዓመቴ።

እህቴ፣ ስለ ሥራው ማንም አልነገረሽም፣ ሁሉም ስለ ፈተናው ነው የሚያወራው። ያየሽው ሌሊት እውነት ነው፣ ያ አለ። ሕፃኑ ሲያቅተው መጀመሪያ ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ጀርባውን ማሸት ነው፣ እሷ ያደረገችው ትክክለኛውን ነው። ካልተነፈሰ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አየር መስጠት ትጀምሪያለሽ። እጅሽ የማይንቀጠቀጠው ስለማትፈሪ አይደለም፣ ሺህ ጊዜ በአሻንጉሊት ስለተለማመድሽው ነው። ግን የማያለቅስበትም ሌሊት አለ። እናቲቱ ደሟ አልቆም ብሎ አምቡላንስ የሚጠበቅበት ሌሊት አለ። በማግስቱ ተመልሰሽ ገብተሽ ለሌላዋ "ግፊ የኔ እናት" የምትዪበት። እኔ እዚያ ላይ ነው እምነት የሚያስፈልገኝ፣ ለመግባት ሳይሆን ለመመለስ።

ይሄን ሰምተሽም ከፈለግሽው፣ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ አልደረሰኝም። ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ (ከዲግሪ በታች ባለው የሙያ ሥልጠና) ነው የገባሁት፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትኜ፣ ተቀጥሬ፣ እየሠራሁ ነው ዲግሪዬን የጨረስኩት። ለደረጃም የመግቢያ ነጥብ አለው፣ በየዓመቱ ይወጣል፣ ስለዚህ ሂሳቡ እዚያም አይለቅሽም ☺️ የግል ኮሌጅ ካሰብሽ ግን ብር ከመክፈልሽ በፊት እውቅናውን በዓይንሽ እዪ። እውቅና ያለው ኮሌጅ ነው ሲሉሽ አትመኚ፣ ለዚያ ትምህርት፣ ለዚያ ደረጃ፣ ለዚያው ቅርንጫፍ መሆኑን ጠይቂ። አብራኝ የተማረች ልጅ ታናሽ እህት ሁለት ዓመት ተምራ ሲኦሲ መፈተን ሳትችል ቀርታለች።

ፎቶኮፒዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ዝም ያልኩት ስላሰብኩ ነው።

የሌሊት ተረኛ፣ ያልሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ፈራሁ። አሁንም ግን እፈልገዋለሁ፣ እንዲያውም ከበፊቱ በተለየ ሁኔታ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። እቴ ከሪያድ፣ ጣሪያ ባይኖረኝም ማታ ሱቁን ስዘጋ ቆርቆሮው በር ጋ ቆሜ ተጣላሁት። ብርድ ስለነበር አላስረዘምኩም።

ያቺን እህት አግኝቻት ነገርኳት። መጀመሪያ ተከፋች፣ ከዚያ እሷም ኮሌጅ አቋርጣ እንደቀረች አወራችኝ፣ አላውቅም ነበር። እናቴ ጋ ግን አልተስማማንም፣ አሁንም ይበቃኛል ትላለች። ቆሎ ቆልታ ሰጠችኝና በላሁ፣ ዲያቆን ይስማ።

ካርቶኑን ቅዳሜ ለእናቴ ሰጠኋት። እንጀራ ስትጋግር ማገዶው አልያዝ ሲላት አንድ አንድ ወረቀት እየቀደደች ስትከት አየኋት፣ ፊዚክስ ነበር፣ የቬክተር። ትንሽ ሆዴ ባባ። ከዚያ የጎረቤቴን ልጅ የ9ኛ ሂሳብ መጽሐፍ ለሁለት ቀን ተውሼ ሱቅ ወሰድኩት። ባለቤቱን አስፈቅጄ በሠራተኛ ዋጋ ሙሉውን ኮፒ አደረግኩት፣ ፊትና ጀርባ። ቶነሩ አዲስ ስለነበር አንድም ገጽ አልገረጣም። መምህር፣ ምዕራፍ አንድን ጨርሻለሁ፣ የቱን ጥያቄ ልላክልዎት?